ወደ ጎን የሚያየው ዳክዬ

«ጭጋጉ ሲገለጥ፣ መርከቡ ሲመጣ፣
መብራቱን አብሪልኝ፣ መንገድ እንዳላጣ፤
ዓይኔ ወደ ደጅ ነው…»

ዊልማ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ግጥሙ ይጠፋባታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዜማ ብቻ ነው፤ እሱንም ከንፈሯን ገጥማ በአፍንጫዋ ታንጎራጉረዋለች። ዘፈኑ የባሏ የሎዌል ነው። ሎዌል ከቤታቸው ጎን፣ መኪና በማትገባበት የመኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ያዜመው ነበር። እሷ ከኩሽና ሆና በግድግዳው በኩል ስትሰማው ኖራለች። ግጥሙ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሎዌል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ብርጭቆ ወረቀቱ ሽው ሽው ይላል፣ ቀሪው ቃል ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ይበናል።

ያን ዕለት ጧት ስታንጎራጉር የነበረው ግን ቤቷ ሆና አይደለም። ሪችመንድ ከተማ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ በዓለም ጦርነቱ ጊዜ የመርከብ ዕቃ መጋዘን በነበረው ረጅም ሕንፃ ውስጥ፣ ጠረጴዛዋ ላይ አቀርቅራ ነው። ከፊቷ የሎዌል የመጨረሻው ዳክዬ ተቀምጧል፤ ገላው ቢጫ፣ መንኰራኩሩ ቀይ፣ በገመድ የሚጎተት የእንጨት ዳክዬ። በእጇ ጥቁር ቀለም ያለው ብዕር ይዛለች። በዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ልብ ያሳዝናል። አሻንጉሊቱ ገላ ላይ መረብ ይሣልበታል። ከራስ እስከ ጭራ ቁልቁል፣ ከጀርባ እስከ ሆድ አግድም፣ መሥመር በመሥመር። ከዚያ መሥመርና መሥመር የተገናኘበትን ቦታ ሁሉ፣ ከማሽኑ ጋር በሽቦ በተያያዘ ሌላ ብዕር አንድ በአንድ መንካት ነው። የተነካው ነጥብ በቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ወደሚያጓራው ኮምፒዩተር ይሄድና እዚያ ዳክዬው ዳግመኛ ይወለዳል።

ዊልማ ሀስኪንስ የዚያ ቤት ነጥብ ነኪ ነበረች። ከዚያ በፊት ዕድሜዋን ሁሉ በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት መኪና የሌላ ሰው ቃል ስትጽፍ የኖረች፣ ጸጉሯን ከሸበተ በኋላ እንኳ በየሳምንቱ ቅዳሜ የምትጠቀልል፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚገባ ሴት ናት። ሲቀጥሯት የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እጅሽ አይንቀጠቀጥም?»

«ባልሽ ይሄን ሲያይ ይፈታሻል» አለ ሩዲ ፓላሲዮ፣ ቡናውን በወረቀት ኩባያ ይዞ ከትከሻዋ በላይ ብቅ ብሎ። ዳክዬው የሚገባበትን አጭር ፊልም የሚሠራው ሩዲ ነው። በፊት ታች በደቡብ፣ አንድ ትልቅ የሥዕል ፊልም ቤት፣ በእርሳስ ይሥል ነበር፤ ከዚያ ሲያባርሩት ነው ወደ እነዚህ በኮምፒዩተር የሚሥሉ የቁጥር ሰዎች የመጣው።

«ይየው እንጂ ይፍታኝ» አለች ዊልማ።

ሩዲ ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ነገሩን ያውቃል። እዚያ ሕንፃ ውስጥ የሎዌልን ዓይን ነገር የማያውቅ ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ ለሎዌል ሲነግረው እንደ አየር ሁኔታ ነው ያወራለት። መካከሉ ይሄዳል አለው፤ ዳር ዳሩ ይቆያል። እውነትም መካከሉ መሄድ ጀመረ። ሎዌል የሚስቱን ፊት ሊያይ ሲፈልግ ትክ ብሎ ካያት ፊቷ ቦታ ላይ ጭጋግ ይቀመጣል፤ ስለዚህ አንገቱን ወደ ቀኝ ሰበር አድርጎ፣ ጆሮዋ አካባቢ ያለ ነገር የሚመለከት መስሎ፣ በዓይኑ ዳር ይሰርቃታል። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሚስት በጎን ሳይ ዝም አልሽ» ይላታል፣ «አሁን ያንቺ ተራ ሆነ።»

ዳክዬዎቹን የሠራው እሱ ነው። ቀን የወንበር ፋብሪካ ውስጥ እየሠራ፣ ማታና እሑድ ዳክዬ ይቀርጽ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ዳክዬዎቹ ግን ከበርክሊ እስከ ቫሌሆ በየሰው ቤት ገቡ። ሎዌል መንገድ ላይ ዳክዬ የሚጎትት ልጅ ባየ ቁጥር ዊልማን በክርኑ ጎሸም ያደርጋታል፤ «ያውና የኛው፣ አደገ እኮ!» የእሱ ዳክዬ ከሌላው የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ራሱ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት አያይም። ትንሽ ወደ ጎን፣ ትንሽ ወደ ላይ ዞር ብሏል። የሚጎትተው ልጅ ድንገት መለስ ብሎ ቢያይ፣ ዳክዬው እያየው መሆን አለበት፤ የሎዌል እምነት ይሄው ነበር። «ገመድ ብቻውን አያስተሳስርም» ይል ነበር፣ «ዓይን ያስፈልጋል።» በኋላ ባትሪ የሚጎርሱና የሚያፏጩ የፕላስቲክ አሻንጉሊቶች መጡ፤ ሱቆቹ የእንጨቱን መቀበል አቆሙ፤ የወንበር ፋብሪካውም ተዘጋ። አንዱ ዳክዬ ኩሽና መስኮት ላይ ቀረ። በየሳምንቱ አቧራውን የምትወለውለው ዊልማ ናት።

ሩዲ አሮጌ አሻንጉሊት ሲፈልግ ትዝ ያላት እሱ ነው። የሩዲ ፊልም ሻይ ሳይበርድ የምታልቅ ነገር ናት። የልጅ ክፍል አለ፤ ልጁ አድጎ ሄዷል፤ ገመዱ የተበጠሰ ዳክዬ ብቻውን ከመደርደሪያ ወርዶ፣ ገመዱን እየጎተተ፣ ኳስ ተሻግሮ፣ የወንበር እግር ዞሮ፣ እስከ በሩ ድረስ ይሄዳል። በሩ ዝግ ነው። እዚያ ይቆምና በሩን ያያል። በቃ።

ለሎዌል የነገረችው እራት ላይ ነበር።

«ራሱን ችሎ ይሄዳል ነው የምትዪኝ? ያለ ጎታች?»

«ያለ ጎታች። ያለ ልጅ።»

ሎዌል እጁን ዘርግቶ ዳክዬውን ከመስኮቱ አነሣና በጣቱ ምንቃሩን ዳበሰው። «ይገርማል» አለ። «እኔ እግሩን ሳልሠራለት…» ከዚያ ሰጣት። «እንግዲህ ቶሎ በሉ። ዓይኔ ሳይዘጋ አሳዪኝ።»

በቀልድ ነው ያለው። እሷ ግን እንደ መሐላ ይዛው ሄደች። ፊልሙ የሚታየው በሐምሌ፣ የኮምፒዩተር ሰዎች ሁሉ ከየአገሩ በሚሰበሰቡበት ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ነው። ሐኪሙ ደግሞ ዳር ዳሩ እስከ ገና ሊቆይልህ ይችላል ብሎት ነበር። ጊዜው የሚበቃ መሰላት።

በዚያ ቤት አንድ የአሠራር ልማድ ነበር። ማንኛውንም ነገር ሲሠሩ ግማሹን ብቻ ነው የሚሠሩት። ወንበር ከሆነ የወንበሩን ግራ፣ ኳስ ከሆነ የኳሱን ግራ፤ ሌላውን ማሽኑ እንደ መስታወት ገልብጦ ያመጣዋል። ሥራው በግማሽ ይቀንሳል፤ ኮምፒዩተሩም ይቀለዋል። ዊልማ ከተቀጠረች ጀምሮ ሙሉ ነገር ነክታ አታውቅም። እና እጇ የለመደውን አደረገ። የዳክዬውን ግራ ጎን መረብ ሣለችበት፣ ነጥቡን አንድ በአንድ እያንጎራጎረች ነካች፣ ቀኙን እንዳለ ተወችው። ራሱ ዞር ማለቱን የማታውቅ ሆና አይደለም። ቤቷ ስትሆን ታውቃለች። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን እጇ ሥራውን ሲያውቅ ዓይኗ ቤቷን ረሳ።

በሚያዝያ አንድ ጧት፣ ቀለም የለበሰው የመጀመሪያው ምስል ወጣ ብለው ጠሯት። ሁሉም በስክሪኑ ዙሪያ ተሰብስቧል። የክፍሉ ኃላፊ ግሬቸን ሳትቀር ከቢሮዋ ወጥታ መጥታለች። ዳክዬው የልጁ ክፍል ወለል ላይ ቆሟል። ቢጫው ያበራል፤ ቀዩ መንኰራኩር ወለሉ ላይ ጥላ ጥሏል። እንጨት መሆኑ ያስታውቃል፤ ብታንኳኳው የሚጮህ ይመስላል። ሰዉ አጨበጨበ፤ አንዱ አፏጨ።

ዊልማ ግን እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምነው?» አለ ሩዲ። «አለቀስሽ እንዴ? ያምራል አይደል?»

«ወዴት ነው የሚያየው?»

«ፊት ለፊት ነዋ።»

«እሱ ፊት ለፊት አያይም፣ ሩዲ።» ድምፅዋ ቀጠነ። «እሱ ወደ ጎን ነው የሚያየው። ግማሹን ነው የሰጠኋችሁ። እኔ ነኝ… ግማሹን ሰጥቼ ሄድኩ።»

ሩዲ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ዳክዬ አምጥቶ ከስክሪኑ አጠገብ አቆመው። ያኔ ሁሉም ገባቸው። የእንጨቱ ዳክዬ አንድ ሰው ስሙን የጠራው ይመስላል። የስክሪኑ ዳክዬ ፎቶ ሊነሣ የቆመ ወታደር ነው፤ አንገቱም ከመሐል፣ ግራና ቀኙ ከተጋጠመበት፣ ጭምድድ ብሏል።

«ማን ያውቃል ብለሽ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ ለማጽናናት። «ዳክዬ ዳክዬ ነው።»

«ባሌ ያውቃል» አለች።

ግሬቸን ወደ ቢሮዋ ይዛት ገባች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቢሮዋ ውስጥ ለሠራተኛ የሚሆን ከረሜላ የማይጠፋ፣ እሷ ግን ሁልጊዜ ጥፍሯን የምትበላ ሴት ናት።

«ዊልማ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አለቻት። «ይሄ ድርጅት የሚሸጠው ማሽን ነው። ፊልሙ ማሽኑ ምን እንደሚችል ማሳያ ነው። ማሽኑን የሚገዙት ሐኪም ቤቶች ናቸው፤ ሐኪም ቤት ደግሞ የዳክዬ አንገት አይመረምርም። ማሽኑ መቀለም ከጀመረ በኋላ አቁሞ እንደገና ይጀምር ብል ከላይ ያሉት እኔን ነው የሚያባርሩኝ። ሐምሌ ላይ ያለቀ ፊልም ይዘን ካልቀረብን ይሄ ክፍል መኖሩ ያጠራጥራል።»

«የምሳ ሰዓቴን ነው የምጠይቅሽ። ቀኝ ጎኑን በምሳዬ ሰዓት ልንካው።»

ግሬቸን ጥፍሯን ከአፏ አወጣች። «ምሳሽን መቼ ልትበዪ?»

«ቆሜ» አለች ዊልማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀምጣ መብላት ተወች። ሰው ሁሉ ምሳውን ይዞ ወደ ውኃው ዳር ሲወጣ እሷ ከዳክዬው ቀኝ ጎን ጋር ትቀራለች። ሳንድዊቿ እንደተጠቀለለ ወደ ቤት ይመለሳል። ቤትም ብትሆን መቀመጫ የላትም። የሎዌል ዓይን ሐኪሙ ካለው ይልቅ ፈጥኖ እየደከመ ነበር። ጉም ወርቅ በር ከሚሉት ድልድይ ሥር ሾልኮ ወደ ባሕረ ሰላጤው እንደሚገባ፣ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር ዳሩ እየሰፋ ነው። ስለዚህ እራት ላይ ከወንበሩ ኋላ ትቆማለች፤ «ድንቹ በግራህ ነው፣ ሥጋው ወደ አንተ፣ ብርጭቆው ከቢላው በላይ» ትለዋለች። እሱ ይበላል፤ እሷ ማጠቢያው አጠገብ ቆማ ሁለት ሦስቴ ትጎርሳለች።

«ቤታችን ውስጥ አስተናጋጅ ቀጥረናል እንዴ?» ይላል ሎዌል። «ጉርሻ ልሰጣት ስል ታመልጠኛለች።»

«ብላ ዝም ብለህ።»

«ዳክዬዬስ? ተራመደ?»

«እየተራመደ ነው» ትላለች። የአንገቱን ነገር አንድም ቀን አልነገረችውም።

ቀኙን ጎን ስትጨርስ ሩዲ እውነቱን አወጣላት። የፊልሙ መጀመሪያና መሐል ተቀልሟል፤ ከእንግዲህ የሚነካው የለም። ያልተቀለመው የመጨረሻው ትዕይንት ብቻ ነው፤ ዳክዬው በሩ ሥር ደርሶ የሚያይበት።

«እዚያ ጋ ያንቺን አስገባለሁ» አላት። «እስከ በሩ ድረስ ወታደር ሆኖ ይሄዳል። በሩ ሥር ሲደርስ ወደ ጎን ዞር ይላል። ሰው ሆን ብለን ያደረግነው ነው የሚመስለው። እንዲያውም ያምራል፣ ዊልማ። ሙች ያምራል።»

ዊልማ አቅፋው ጉንጩን ሳመችው። ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሥር ሆና ዘፈኗን ድምፅ አውጥታ ዘፈነች፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ሰዎች እያዩዋት መሆኑን አይታ ሳቀች።

ሙሉው ዳክዬ ግን ከግማሹ ከባድ ነበር። ማሽኑ አንዱን ምስል ለመቀለም ጧት ጀምሮ እስከ ምሳ ይፈጃል፤ መሐል ላይ ደግሞ ይቆማል፤ ያኔ የተቀለመውም ይጠፋል። ሩዲ ጺሙን መላጨት ተወ። ዊልማ በየጧቱ ስትገባ ወደ ጠረጴዛዋ ከመሄዷ በፊት በቀዝቃዛው ክፍል መስታወት አሻግራ ማሽኑን ታየዋለች፤ ልጇ ኦክስጅን ላይ እንዳለባት እናት። ሰኔ አለቀ። ግሬቸን ጥፍር የሚባል ነገር አልቀራትም።

ሩዲ ወደ ጉባኤው የሚሄድበት ቀን ደረሰ። ሻንጣውን በር ላይ አቁሞ ወደ ዊልማ መጣ።

«አልደረሰም» አላት።

«ከመጨረሻው ትዕይንት ስንቱ?»

«አንዱም። መሐል ላይ ሲደርስ ማሽኑ ይቆማል። ስለዚህ ሽቦውን ነው የምናሳየው።»

ሽቦ የሚሉት ዳክዬው ቀለም ከመልበሱ በፊት ያለውን ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ፣ የዊልማ መረብ ብቻ፣ ከፀጉር የቀጠነ አረንጓዴ መሥመር። ዳክዬው አለ፤ ይንቀሳቀሳል፤ ግን ገላ የለውም፤ በውስጡ አሳልፎ በሩ ይታያል። በዚያ ጉባኤ ይሄ ነውር አይደለም። ፊልሙን ያልጨረሰ ሁሉ የቀረውን በሽቦ ያሳያል፤ ታዳሚው ራሱ የሙያው ሰው ስለሆነ ይገባዋል፤ እንዲያውም ያጨበጭባል።

«እነሱ ይገባቸዋል» አለች ዊልማ ቀስ ብላ።

«ስመለስ እንጨርሰዋለን። ቃሌ ነው።»

«በግማሹ ብተወው ኖሮ» አለች፣ «እስከ መጨረሻው ይደርስ ነበር አይደል?»

ሩዲ ሻንጣውን አነሣ። መልሱን ሁለቱም ያውቁታል።

ከሳምንት በኋላ ሲመለስ በአንድ እጁ የቪዲዮ ካሴት፣ በሌላው የባዶ ካርቶን ክምር ይዞ ነው የገባው። ሰዉ ተነሥቶ አጨብጭቧል አለ፤ ሽቦው ላይ ሲደርስ ያለቀሱም ነበሩ አለ። ከዚያ ካርቶኖቹን ለየሰዉ ማደል ጀመረ። ከላይ ያሉት ሰዎች ጉባኤው ላይ ተገኝተው ነበር። ያላለቀ ፊልም ማሽኑን ደካማ አስመስሎታል ብለው የፊልሙን ክፍል ዘጉት። ግሬቸን በሯን ዘግታ ስታለቅስ ድምፅዋ ይሰማል። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ያለው ማሽን የሐኪም ቤት ሥራ ተሰጥቶት የሰው አጥንት መሣል ጀምሯል። የዳክዬውን ነጥቦች ቦታ ስለያዙ አጥፍተዋቸዋል።

«ካሴቱ ያንቺ ነው» አላት ሩዲ። «ከዚህ ሌላ የቀረ የለም።»

ዊልማ ካርቶኗን ሞላች፤ ኩባያዋን፣ ሹራቧን፣ ዳክዬውን። ከመውጣቷ በፊት ግን መጸዳጃ ቤት ገብታ ዳክዬውን ልታጥበው ሞከረች። እንዲህ በመረብ ተተብትቦ ወደ ቤት መመለሱ አሳፈራት። ጥቁሩ ብዕር በሳሙና አልለቅ አለ። በአልኮል ስትፈትገው ለቀቀ፤ ከሎዌል ቢጫ ቀለም ጋር አብሮ ለቀቀ። ጀርባው ላይ እንጨቱ ራቁቱን ቀረ። እዚያ ላይ ተወችው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የሐምሌ ፀሐይ ናት፣ ትዘገያለች። ሎዌል ምድጃው ላይ የባቄላ ሾርባ ጥዷል። በዳሰሳ ነው የሠራው፤ ሽንኩርቱ በትልልቁ ተቆርጧል። ለሁለት ሰው ሳህን አቅርቧል። ካርቶኑን መሬት ስታስቀምጥ ከድምፁ ባዶ እጇን እንዳልመጣች አወቀ።

«አባረሩሽ?»

«ሁላችንንም። ግን ይዤልህ መጥቻለሁ። ና፣ ተቀመጥ።»

መጋረጃውን ዘጋች። ወንበሩን ከቴሌቪዥኑ ጎን በኩል አስጠግታ አስቀመጠችው። ሎዌል አንገቱን ወደ ቀኝ ሰበር አድርጎ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ የሚያይ መስሎ፣ በዓይኑ ዳር ስክሪኑን ያዘ። ካሴቱን ከተተች።

«ቢጫ አየሁ» አለ ወዲያው። «ይሄ እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ይሄዳል እኮ!» እጁን ጉልበቱ ላይ መታ። «ዊልማ፣ ይሄዳል! ቀዩ ደግሞ መንኰራኩሩ ነው። ሲሽከረከር ይታየኛል። ወይ ጉድ።» አንገቱን ይበልጥ አዞረ፣ መልሶ አቀና፣ እንደገና አዞረ። ዳክዬው ኳሱን ተሻግሮ ወደ እነሱ ፊት ለፊት እየመጣ ነበር። «ፊቱስ?» አለ። «ቀጥ ብሏል።»

ዊልማ ስክሪኑን ትታ ወደ ሎዌል ዞረች።

«የኔ አይደለም ይሄ» አለ ሎዌል። ቁጣ የለበትም፤ የሰው ቤት በር በስሕተት የከፈተ ሰው ድምፅ ነው። «ደህና ዳክዬ ነው። የኔ ግን አይደለም።»

«ትንሽ ቆይ፤ መጨረሻው ላይ ነው። በሩ ሥር ሲደርስ።»

በሩ ሥር ሲደርስ ስክሪኑ ጠቆረ። በጥቁሩ ላይ አረንጓዴዎቹ ቀጭን መሥመሮች ተነሡ። ዊልማ ተንበርክካ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። እዚያ አለ። የእሷ ምሳ ሰዓቶች ሁሉ እዚያ አሉ። ዳክዬው ቆመ፤ ገመዱ ከኋላው ወለሉ ላይ ተጋደመ፤ ከዚያ ራሱ ቀስ ብሎ ወደ ጎንና ወደ ላይ ዞር አለ፤ ልክ እንደ መስኮቱ ዳክዬ፣ ልክ አንድ ሰው ስሙን እንደጠራው።

«ምነው ጠፋ?» አለ ሎዌል። «ቴሌቪዥኑ ተቃጠለ እንዴ?»

«አልጠፋም። አለ። በቀጭን መሥመር ነው፣ ቀለም አላለቀለትም… አሁን ዞረ፣ ሎዌል! እይ፣ እያየ ነው!»

ሎዌል አንገቱን ወደ ቀኝ ሰበረ፤ ወደ ግራ ሰበረ። አገጩን ከፍ አደረገ። ለእሱ እዚያ ያለው ጨለማ ነው።

«ወዴት ያያል?»

«ወደ ጎን። ወደ ላይ። አንተ እንደሠራኸው።»

ካሴቱ አለቀና ቴሌቪዥኑ መንጫጫት ጀመረ። እሷ አላጠፋችውም።

«እኔን ደስ እንዲለኝ ብለሽ ነው የምትዪው» አለ።

«አይደለም። እውነቴን ነው።»

«እሺ።»

«ሎዌል፣ በእናትህ፣ እውነቴን ነው! እኔ ነኝ የሠራሁት። ቀኝ ጎኑን በምሳዬ ሰዓት…» ማንን ታስመሰክር? ያየው ሰው ሁሉ ካርቶኑን ተሸክሞ ወደየቤቱ ሄዷል፤ ነጥቦቹም ጠፍተዋል።

«እሺ አልኩሽ እኮ» አለ ሎዌል ለስለስ ብሎ። እጁን ዘረጋ። «ስጪኝ የኔን።»

ከካርቶኑ አውጥታ ሰጠችው። በመዳፉ ከምንቃር ጀምሮ ወደ ታች ዳበሰው። አንገቱ ጋ ሲደርስ አውራ ጣቱ የለመደውን መዞር አግኝቶ ትንሽ አረፈ። ከዚያ ወደ ጀርባው ወረደና ቆመ። ቀለም የሌለውን እንጨት አገኘው። ጣቱን ወደ ፊት ወሰደ፣ መለሰ፣ ወሰደ።

«ላጥሽው?»

«ሳጥበው ለቀቀ።»

ዳክዬውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ በአውራ ጣቱ ያንኑ ባዶ ቦታ ያሻሽ ጀመር፤ ድሮ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ እንደሚያደርገው። ሳያስበው ይመስላል፣ ዜማው መጣ። ጭጋጉ ሲገለጥ፣ መርከቡ ሲመጣ። ዊልማ ተንበርክካ እንዳለች ጆሮዋን ሰጠች። በመካከላቸው ግድግዳ የለም፤ ብርጭቆ ወረቀትም የለም። ዓይኔ ወደ ደጅ ነው አለና በአፍንጫው ማንጎራጎር ቀጠለ።

«ቀሪውን በለው» አለችው። «ይሄን ሁሉ ዓመት ከግድግዳው ማዶ ሆኜ አምልጦኛል። ዛሬ እንኳ በለው።»

«ቀሪውን አላውቀውም» አለ ሎዌል።

«እንዴት አታውቀውም?»

«እናቴ ናት የምትዘፍንልኝ። እዚያ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኛል። መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም።»

ቴሌቪዥኑ ይንጫጫል። ከኩሽና የባቄላው ሽታ መጣ፤ ከሥሩ ትንሽ ይዞ ነበር። ዊልማ ተነሥታ ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ ምድጃውንም አጠፋች። ሎዌል ጠረጴዛውን በእጁ እየዳበሰ መጥቶ ተቀመጠ። ዳክዬውን ጨውና በርበሬው አጠገብ አቆመው። ሾርባውን ቀዳችለትና እንደ ልማዷ ከወንበሩ ኋላ ሄዳ ቆመች።

«ሳህኑ ከፊትህ ነው» አለች። «ዳቦው በግራህ፣ ማንኪያው…»

«ማንኪያዬን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያቀረብኩት።» አንገቱን ሰበር አድርጎ ወደ ጆሮዋ አካባቢ አየ። «ያንቺንም አቅርቤያለሁ። አሁን ሥራ የለሽም። ወዴት ትሄጃለሽ?»

የምትሄድበት አልነበራትም። ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ጉልበቷ ገበታ ፊት ለመታጠፍ እምቢ ያለ መሰላት፤ ከሚያዝያ ወዲህ አልለመደም። ሾርባው ጨው በዝቶበታል፤ ሥሩም አሯል። ማንኪያዋን አነሣችና በላች።